ሦስት ፍሬ ቅርንፉድ

ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አጠገብ በነበረው የአያቴ ቤት ጠዋት የሚቀሰቅሰን የቅርንፉድ ሽታ ነበር። ከጦሳ የወረደው ጉም ገና ከአጥሩ ሳይነሳ እታለም ከሰሉን ታያይዛለች፣ በራዱን ትጥዳለች፣ ከነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችውን ቅመም ፈታ ቅርንፉዱን እየቆጠረች ትጨምራለች። ሦስት ፍሬ ነው። ከሦስት በልጦም አንሶም አያውቅም። ጥርሱን ያመመው ልጅ ካለ ደግሞ አራተኛዋን ፍሬ ለእሱ ትሰጠዋለች፤ «ያዛት እንጂ አትዋጣት» እያለች።

እታለም ማን እንደነበረች ልጅ ሆኜ አልጠየቅሁም። ከአያቴ በዕድሜ ትንሽ የምታንስ፣ ማድ ቤቱ አጠገብ ባለችው ክፍል የምታድር፣ ሁላችንንም በጀርባዋ አዝላ ያሳደገች ሴት ነበረች። ሰው ሲጠይቅ «የቤት ልጅ ናት» ይባላል፤ በዚያው ይቀራል።

ዛንዚባርን ያየሁት ከዚያ አርባ ዓመት አልፎ ነው። በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ለሥራ ዳሬሰላም ሄጄ ሁለት ቀን ተረፈኝና በመርከብ ተሻገርኩ። ጉዞው ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው ነፋስ ፊታችንን ይገርፈው ነበር። አጠገቤ የተቀመጡት አንዲት እናት «ካስካዚ» ብለው ስሙን ነገሩኝ። ካስካዚ ከኅዳርና ታኅሣሥ ጀምሮ እስከ መጋቢት ግድም ይነፍሳል። በጥንቱ ዘመን ከዓረብ አገርና ከሕንድ የሚመጡትን ባለሸራ ጀልባዎች እየነዳ ወደዚህች ደሴት የሚያደርሳቸው እሱ ነበር። ከሚያዝያ በኋላ ደግሞ ኩሲ የሚባለው የደቡብ ነፋስ ይነሳና ጀልባዎቹን ከነጭነታቸው ይመልሳቸዋል። ያ ጭነት የዝሆን ጥርስ ነበር፣ ቅርንፉድ ነበር፣ ሰውም ነበር።

ወደቡ ላይ አንድ አስጎብኚ ሽማግሌ ተቀበሉኝ። ሁሉም «ምዜ» ይሏቸዋል፤ በስዋሂሊ የሽማግሌ ማክበሪያ ነውና እኔም ምዜ አልኳቸው። ሕፃናት በመንገድ ሲያገኟቸው «ሺካሞ» ይላሉ፤ እሳቸውም «ማራሃባ» ብለው ይመልሳሉ። ትርጉሙን ብጠይቃቸው «እግርዎን እይዛለሁ ማለት ነው» አሉኝ። በእኛም ቤት የትልቅ ሰው ጉልበት ይሳም እንደነበር ነገርኳቸው። ፈገግ አሉና «እንግዲያው ሩቅ አይደለንም» አሉኝ።

ስቶን ታውን የሚባለው አሮጌው ከተማ የተሠራው ከባሕር ከተፈለጠ የኮራል ድንጋይና ከኖራ ነው። መንገዶቹ ጠባብ ስለሆኑ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ሲሄድ ሦስተኛው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። የጣሪያው ወጋግራ ከማንግሮቭ እንጨት የሚቆረጥ በመሆኑ የክፍሉ ስፋት ከእንጨቱ ርዝመት አያልፍም። የቤቶቹ በሮች ግን ቤተ መንግሥት የሚያክሉ ናቸው። ከባድ እንጨት ላይ አበባ፣ ዓሣና የቴምር ዛፍ ተቀርጾባቸዋል፤ እንደ ሕንድ አገር በሮችም የነሐስ ጉጦች ተተክለውባቸዋል። ምዜ በአንዱ በር ጠርዝ ዙሪያውን የተቀረጸውን ሰንሰለት በጣታቸው ተከተሉት። «ይህ ለጌጥ ነው» አሉኝ። «እውነተኛውን ነገ አሳይሻለሁ።»

ከዚያ ወደ ባሕሩ ዳር ወረድን። እ.ኤ.አ. በ1883 ሱልጣን ባርጋሽ ያሠሩት፣ «የድንቆች ቤት» የሚባለው ባለ ብዙ ዓምድ ሕንፃ ታጥሮ ተዘግቶ ነበር። በደሴቲቱ መጀመሪያ የኤሌክትሪክ መብራት የገባበት ቤት እሱ ነው። ምዜ ከሕንፃው ፊት ቆመው ወደ ባሕሩ እያመለከቱ የእንግሊዝ መርከቦች ተሰልፈው የቆሙበትን አሳዩኝ። እንግሊዞች ደሴቲቱን እ.ኤ.አ. በ1890 በሞግዚትነት ይዘዋት ነበር። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1896 በወቅቱ የነበሩት ሱልጣን ሲሞቱ ኻሊድ የተባለው የባርጋሽ ልጅ የእንግሊዝን ፈቃድ ሳይጠይቅ ቤተ መንግሥቱን ያዘ። በወሩ በ27ኛው ቀን ጠዋት መርከቦቹ ተኩስ ከፈቱ፤ አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ሁሉ ነገር አለቀ። በቤተ መንግሥቱ በኩል አምስት መቶ ያህል ሰው ሞተ፣ ቆሰለ። ከእንግሊዞቹ የቆሰለው አንድ መርከበኛ ብቻ ነበር። ኻሊድም ሸሽቶ ጀርመን ቆንስላ ገባ።

«1896» ስባል ደረቴ ሞላ። ከዚያች ጠዋት ስድስት ወር ባልሞላ ጊዜ ቀደም ብሎ፣ በየካቲት 1888 ዓ.ም.፣ አድዋ ላይ የሆነውን ለምዜ ነገርኳቸው። ተራሮቹን፣ ንጉሡንና ንግሥቲቱን፣ ከየአቅጣጫው በእግሩ የተመመውን ሕዝብ ሁሉ ተረክሁ። እሳቸውም በጥሞና ሰሙኝ። ሲሰሙኝ ደግሞ ከደሴቲቱ ታሪክ ከፍ ብዬ የቆምኩ መሰለኝ። እኛን ማንም አልገዛንም አልኳቸው፤ እኔ እዚህ የሰው ቁስል ለማየት የመጣሁ እንግዳ ነኝ ብዬ አሰብኩ። ያን ስሜት ዛሬም አልረሳሁትም። የምጽፈውም ስለ እሱ ነው።

ወደ ቤተ መንግሥቱ ሙዚየም ገባን። ከክፍሎቹ አንዱ ለልዕልት ሳልሜ የተሰጠ ነበር። ሳልሜ እ.ኤ.አ. በ1844 የተወለደች የሱልጣን ሰዒድ ልጅ ናት። አንድ ጀርመናዊ ነጋዴ ወድዳ ከአገር ጠፋችና ኤሚሊ ሩተ ተባለች፤ በ1886ም የሕይወት ታሪኳን በጀርመንኛ አሳተመች። እናቷ ከካውካሰስ ተራሮች በልጅነቷ የተወሰደች ቼርኬስ ነበረች። የሱልጣኑ ቁባቶች በሙሉ ተገዝተው የመጡ ናቸው። ምዜ ይህን ሲነግሩኝ ቆዩና ዘወር ብለው አዩኝ።

«ከእነሱ ብዙዎቹ ሐበሾች ነበሩ።»

እንዳልሰማሁ ሆንኩ። እሳቸው ግን ቀጠሉ። በዚህ ደሴት ገበያ የተሸጠው ሰው በአብዛኛው ከማዶው የአፍሪካ ምድር፣ ከዛሬዎቹ ታንዛንያ፣ ማላዊ፣ ሞዛምቢክና ኮንጎ የመጣ ነው። ሐበሾቹ ሴቶች ግን የመጡት በሌላ መንገድ፣ በቀይ ባሕር ወደቦችና በዓረብ አገር በኩል ዞረው ነው። ከዚያ ምዜ ጠየቁኝ፤ ሊያሳፍሩኝ ብለው ሳይሆን የማያውቁትን ለማወቅ።

«አገራችሁን ነጭ አልገዛትም አልሽኝ። እነዚያን ሴቶች ታዲያ ማን ሸጣቸው?»

መልስ አልነበረኝም። በመስኮቱ ወደ ባሕሩ ዞርኩ።

ማታ ስንለያይ በነጋታው በስንት ሰዓት እንደምንገናኝ ጠየቅኋቸው። «ሳ ምቢሊ» አሉኝ። ምቢሊ ሁለት ነው። ውጭ አገር ስሆን እንደ ልማዴ በሐሳቤ ስድስት ሰዓት ልደምርና ልቀንስ ስል ምዜ ወደ ምሥራቅ አመለከቱ፤ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ያለው ሁለተኛው ሰዓት ማለታቸው ነበር። የስዋሂሊ ሰው ቀኑን የሚቆጥረው እንደኛ ከንጋት ጀምሮ ነው። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ነው ማለት ነው፤ ያለ ሒሳብ፣ ያለ ትርጉም። ከአገሬ ወጥቼ ሰዓቴን ሳልቀይር የዋልኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

በማግሥቱ በመጀመሪያ የወሰዱኝ ወደ አንግሊካን ካቴድራል ነው። ካቴድራሉ የተሠራው የባሪያ ገበያው በነበረበት ቦታ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1873 እንግሊዞች ደሴቲቱን በመርከብ እንከባታለን ብለው ሲያስፈራሩ ሱልጣን ባርጋሽ ገበያውን የሚዘጋውን ውል ፈረሙ። የካቴድራሉ መሠረት በዚያው ዓመት በፈረንጆቹ ገና ዕለት ተጣለ። ሥራውን የመሩት ኤድዋርድ ስቲር የተባሉት ጳጳስ ናቸው፤ መቃብራቸውም ከመሠዊያው ኋላ ነው። መሠዊያው የቆመው ሰዎች ታስረው በሚገረፉበት ግንድ ቦታ ላይ ነው። በቀይ የተከበበ ነጭ ክብ እብነ በረድ ወለሉ ላይ ያንን ቦታ ያመለክታል። በአንድ በኩል የተሰቀለው የእንጨት መስቀል በዚያው በ1873 ከሞተው ከአሳሹ ከሊቪንግስተን ጋር የተያያዘ ነው፤ ልቡ ከተቀበረበት ዛፍ የተሠራ ነው ይባላል።

ባሪያዎች ይታጎሩባቸው ነበር ተብለው የሚታዩ ሁለት የምድር ቤት ክፍሎችም አሉ። ገባሁና ቀጥ ብዬ መቆም አልቻልኩም። ከሁሉ በላይ ያስቆመኝ ግን በግቢው ውስጥ ያለው ጉድጓድ ነው። ስዊድናዊቷ ክላራ ሶርናስ አምስት ሰዎችን ቀርጻ ከመሬት በታች አቁማቸዋለች። ከወገባቸው በታች ድንጋይ ናቸው። አንገታቸው ላይ ያለው ሰንሰለት ግን የእውነተኛው ዘመን ብረት ነው። ምዜ «ትናንት ነገ አሳይሻለሁ ያልኩሽ ይህ ነው» አሉኝ። ከጉድጓዱ ጠርዝ ቆሜ ወደ ታች አየሁ። ፊቶቹ ወደ ላይ አይመለከቱም፤ የሚመለከቷቸውን ሰዎች አይፈልጉም።

ገበያው ተዘጋ እንጂ ባርነቱ አልቀረም ነበር። ባርነት በዛንዚባር ሕጋዊነቱን ያጣው እ.ኤ.አ. በ1897 ነው። ያ ሕግ እንኳ ቁባቶችን አይጨምርም ነበር። እነሱ እስከ 1909 ድረስ መጠበቅ ነበረባቸው። ይህን ስሰማ ትናንት የሰማኋቸውን የሐበሻ ሴቶች አሰብኩ። በሳልሜ መጽሐፍ፣ በኋላ ገዝቼ እንዳነበብኩት፣ ቼርኬሶቹ ከሐበሾቹ ጋር በአንድ ማዕድ አይቀርቡም ነበር። ሁለቱም ተገዝተው የመጡ፣ ሁለቱም እናታቸውን ዳግመኛ የማያዩ ሴቶች ሆነው፣ በቆዳ ቀለም ማዕድ ለዩ። ይህን ያነበብኩ ቀን መጽሐፉን ዘግቼ ብዙ ተቀመጥኩ።

ከካቴድራሉ ወጥተን ዳላዳላ በሚሉት ሚኒባስ ተሳፍረን ወደ ኪዚምባኒ ሄድን። መንገዱ በኮኮናት ዛፎች መካከል ያልፋል። ጸጥ ያለ ቀይ አፈር፣ ሙዝ፣ ማንጎ፣ ከዚያም የቅመም እርሻ። ቀረፋው ቅርፊቱ ነው፣ እርዱ ሥሩ፣ ሄሉ ከግንዱ ሥር አፈሩ ላይ የሚያፈራ ፍሬ። ገውዙ ሲፈለጥ በውስጡ ቀይ መረብ የለበሰ ፍሬ ይወጣል። ዕድሜዬን ሙሉ ከመርካቶ ቅመም ተራ በወረቀት ተጠቅልሎ የማውቀውን ሁሉ እዚያ በቅጠሉና በሥሩ አየሁት፤ ሰውን ከነቤተሰቡ እንደማወቅ ነበር።

የቅርንፉዱ ዛፍ ከሁሉ ይረዝማል። ቅርንፉድ ፍሬ አይደለም፤ ሳይፈካ የተቀጠፈ እምቡጥ ነው። አረንጓዴው ቀላ ማለት ሲጀምር፣ አበባው ሳይከፈት፣ ሰው ዛፉ ላይ ወጥቶ ይለቅመዋል። ቀኑ ካለፈና አበባው ከተከፈተ ዋጋ የለውም። ከዚያ ከእንጨቱ ተለይቶ ሰሌን ላይ ተሰጥቶ ፀሐይ ሲጠጣ ቡናማ ይሆናል። ዛፉ የመጣው ከሩቁ የኢንዶኔዥያ ደሴቶች ነው። በዛንዚባር እንዲስፋፋ ያደረጉት የሳልሜ አባት ሱልጣን ሰዒድ ናቸው። መቀመጫቸውን ከኦማን ወደዚህ አዛውረው ለአንድ የኮኮናት ዛፍ ሦስት የቅርንፉድ ዛፍ ያልተከለ መሬቱን ይነጠቃል ብለው እንዳዘዙ ይተረካል። በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ የዓለም ቅርንፉድ አብዛኛው ከዛንዚባርና ከእህቷ ከፔምባ ይወጣ ጀመር። ለቀማው ብዙ እጅ ይፈልጋል። የሚፈለገው እጅ ደግሞ ከማዶ በሰንሰለት መጣ። እ.ኤ.አ. በ1872 የነፈሰው አውሎ ነፋስ የዛንዚባርን ዛፎች በብዛት ገነደሳቸው፤ ያልተነካችው ፔምባ በቅርንፉድ ቀዳሚ ሆነች።

ምዜ ዝቅ ካለው ቅርንጫፍ እምቡጦች ቀጠፉና እጄን እንድዘረጋ ነገሩኝ። መዳፌ ላይ አንድ በአንድ አስቀመጡልኝ።

«ሞጃ። ምቢሊ። ታቱ።»

አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ማለታቸው ነው። ሽታው ወደ አፍንጫዬ ሲወጣ ጆሮዬ ሌላ ድምፅ ሰማ። የከሰሉ ፍካት፣ የበራዱ ጩኸት፣ ከነጠላ ጫፍ የወጣ ቋጠሮ፣ የእታለም እጅ ታየኝ። እታለም ቅርንፉዱን ስትጥል ትቆጥር ነበር። በአማርኛ አልነበረም። ልጆች ሆነን እየሳቅን ከእሷ ጋር እንቆጥር ነበር፤ ለእኛ ጨዋታ ነበር። ቃላቱን አርባ ዓመት አላነሳኋቸውም። እዚያ፣ ኪዚምባኒ፣ ከቅርንፉድ ዛፍ ሥር ከአፌ ወጡ።

«ኢኮ። ጉቶ። ኬሞ።»

ምዜ ምን ቋንቋ እንደሆነ ጠየቁኝ። አላውቅም አልኳቸው። እውነቴን ነበር። ያዘለችኝ፣ ያጎረሰችኝ ሴት የምትናገረው ቋንቋ የማን እንደሆነ አላውቅም ነበር።

ያን ምሽት ፎሮዳኒ መናፈሻ በፋኖስ ብርሃን የተጠበሰ ዓሣና ኦክቶፐስ፣ የሸንኮራ አገዳ ጭማቂ የሚሸጡ ሰዎች ሞልተውት ነበር። ልጆች ከግንቡ ላይ እየዘለሉ ባሕር ይገባሉ። ደስ የሚል ምሽት ነበር፤ ምግቡን ግን መብላት አልቻልኩም። በመሐረቤ የቋጠርኳቸውን ሦስት እምቡጦች ደጋግሜ እነካ ነበር። ንጋት ላይ ምዜ ወደቡ ድረስ ሸኙኝ። ጎንበስ ብዬ «ሺካሞ» አልኳቸው። ጥያቄያቸውን ግን ሳልመልስ ሄድኩ።

አዲስ አበባ እንደገባሁ ቦንጋ ተወልዶ ላደገ የሥራ ባልደረባዬ ቃላቱን ነገርኩት። «ኢኮ፣ ጉቶ፣ ኬሞ» ስል እሱ ሳይጠየቅ «አውዶ፣ ኡቾ» ብሎ እስከ አምስት አደረሰልኝ። ከዚያ «ካፊኛ ከማን ተማርሽ?» አለኝ። በሥራ ቦታ፣ በሰው መካከል፣ አለቀስኩ።

የካፋ መንግሥት በምኒልክ ሠራዊት የወደቀው እ.ኤ.አ. በ1897 ነው፤ በዛንዚባር ባርነት ሕጋዊነቱን ባጣበት በዚያው ዓመት። የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ታስረው ወደ ሰሜን ተወሰዱ። ከዚያ በኋላ በነበሩት አሥርት ዓመታት ከዚያ አገር ብዙ ሰው እየተነዳ ተሸጠ። ስለ አድዋ ለምዜ ስተርክ ከዓመት በኋላ የሆነውን ይህን አልተረክሁም። የአድዋ ክብር ውሸት አይደለም፤ ዛሬም ልቤን ይሞላዋል። ግን የነፃነት ታሪክ ሲተረክ ማድ ቤት ያለችውን ሴት ከትረካው ካስወጣ ግማሹ ጎድሏል። ባርነት በአገራችን በአዋጅ የቀረው እ.ኤ.አ. በ1942 ነው። እታለም ያን ቀን ነፃ ሆነች። የት እንደምትሄድ ግን የነገራት የለም፤ ከነጠላዋ ቋጠሮ በቀር ወደ አገሯ የሚያደርሳት ምልክትም አልነበራትም።

ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው አክስቴ ዘንድ ሄጄ ጠየቅኋቸው። ከየት መጣች? ልጅ ሆና ከነጋዴ እጅ ነው የመጣችው አሉኝ። እናቷ ያወጣችላት ስም ማን ነበር? አክስቴ ረጅም ጊዜ ዝም ብለው እጃቸውን አዩ።

«ጠይቀናት አናውቅም» አሉ።

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 25 ቀን 2020 የድንቆች ቤት ከፊሉ መደርመሱን በዜና ሰማሁ። ምዜ ከፊቱ ቆመው የነገሩኝ የሕንፃው በረንዳ ፍርስራሽ ሆኖ አየሁት። በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ አላውቅም፤ ጥያቄያቸውን ግን እኔ ይዤዋለሁ። ዛሬ ከባሕሩ ዳር ባገኛቸው ጎንበስ ብዬ ሰላምታ እሰጥና ሳልዞር እመልስላቸዋለሁ፦

ምዜ፣ እነዚያን ሴቶች ማን ሸጣቸው ብለው ጠይቀውኝ ነበር። እኛ ነን። አንዷን እኛ ቤት አስቀርተናታል። ስሟን ሳንጠይቃት ሻይ ስታፈላልን ኖረች፤ ሦስት ፍሬ ቅርንፉድ ስትጥል ግን የምትቆጥረው በእናቷ ቋንቋ ነበር።